የውሻው ሆድ፣ የበጉ ጭንቅላት

መንዝ ውስጥ ውሻ ሲታመም ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መጠበቅ ነው። ዘመሮና ዙሪያውም ከዚህ አይለይም። ውሻው ሁለት ቀን ካስመለሰው፣ ተቅማጡ አልቆም ካለ፣ ጥጉን ይዞ ከተኛና ሌሊት መጮኹን ከተወ ትንሽ አሬራ ወይም ቀጠን ያለ የገብስ ሙቅ ይቀርብለታል። ከዳነ ዳነ። ካልዳነ ደግሞ ከጎረቤት ቡችላ አይጠፋም። ይህን ሰምቶ “ጭካኔ ነው” የሚል የአዲስ አበባ ሰው አይጠፋም። እሱ ግን ሒሳቡን አልሠራውም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የእንስሳት ክሊኒኩ የሚገኘው ከተማው ውስጥ ነው፤ ገበሬው የሚኖረው ገጠር። ክሊኒኩ የተቋቋመው ለከብት፣ ለበግና ለጋማ ከብት ነው፤ መደርደሪያው ላይ ያለው መድኃኒትም በአብዛኛው የእነሱ ነው። በግ ተነድቶ ይሄዳል፤ አህያም እንዲሁ። ሰንሰለት ወይም ገመድ የማያውቅን የመንዝ ውሻ ግን ታሞ እያለ በገመድ ጎትቶ ተራራ ማስወጣት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። አውቶቡስ አያሳፍረውም። መድኃኒቱ ከጠፋ ደግሞ ደብረ ብርሃን ድረስ ሰው መላክ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቆየው ግጭት ደግሞ መንገዱ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ቀን ማንም አስቀድሞ አያውቅም። የአንድ ቀን ሥራ ተፈትቶ፣ ትራንስፖርት ተከፍሎ፣ መድኃኒት ተገዝቶ የሚድነው እንስሳ ገበያ ወጥቶ የማይሸጥ ነው። ገበሬው ጨካኝ ስለሆነ ሳይሆን ቆጣሪ ስለሆነ ነው የሚጠብቀው።

እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ መጠበቁ ልክ ነው። የበሰበሰ ነገር በልቶ ሆዱ የተበላሸ ትልቅ ውሻ፣ ደም እስካልታየበትና ውሃ እስከጠጣ ድረስ፣ ለግማሽ ቀን ወይም ለአንድ ቀን ምግብ ቢከለከል፣ ውሃ ጥቂት በጥቂት ቢሰጠው፣ ከዚያም ቅመምና ሽንኩርት የሌለበት ለስላሳ ምግብ ቢጀምር ይድናል። ክፉው ነገር ከሰው የተረፈ ኪኒን መስጠት ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ፤ ሕመሙን ሊያስታግሱ ተሰጥተው ይገድሉታል። ቡችላ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ከያዘው፣ ወይም ሆዱ ተነፍቶ ሊያስመልስ እየታገለ ምንም የማይወጣው ከሆነ ግን መጠበቅ የለም፤ ሰዓት ነው የሚገድለው። አንድ ደግሞ ከሆድ ጋር የሚምታታ አለ። ለሐጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የተለወጠ ውሻ ሲታይ “አጥንት ጉሮሮው ላይ ቆሞበታል” ተብሎ እጅ ይሰደዳል። ያ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። እጁን የሰደደ ሰው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ይህ ሁሉ ግን ለሚታየው ሕመም ነው። መንዝን የሚያከስረው የውሻ ሆድ ሌላ ነው፤ እሱ አያስመልስም፣ አያስቀምጥም፣ ውሻውን ከምግብም አያስቀረውም።

አዙሪትን የማያውቅ የመንዝ እረኛ የለም። ደህና የነበረ ጠቦት ከመንጋው ይነጠላል፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ አንድ ቦታ ላይ ይሽከረከራል፣ ከድንጋይ ጋር ይጋጫል፣ በመጨረሻ ይወድቃል። ጭንቅላቱ ሲከፈት አንጎሉ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። የዚያ ከረጢት እናት ያለችው ውሻው አንጀት ውስጥ ነው። የኮሶ ትል ዘመድ ናት፤ እስከ አንድ ሜትር ልትረዝም ትችላለች። እንቁላሏ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣና ሣር ላይ ይቀራል። በጉ ግጦ ይውጠዋል፤ ከአንጀቱ በደም በኩል አንጎሉ ይደርስና በወራት ውስጥ ይነፋል። ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ በብዛት የተደረደሩ ነጫጭ ነጥቦች አሉ። ውሻ ያንን አንጎል ሲበላ እያንዳንዷ ነጥብ አዲስ ትል መሆን ትችላለች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያሳዝነው። በጉ ሲሽከረከር ሳይከሳ ይታረዳል፤ ይህ ብልህነት ነው። ሥጋው ይበላል፣ ቆዳው ይወሰዳል፣ ጭንቅላቱ ለውሻው ይወረወራል። ማለትም ከመንጋው ሁሉ ተመርጦ ትሉ በእርግጠኝነት ያለበት ጭንቅላት ነው ለውሻው የሚደርሰው። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ውሻው እንደገና ሜዳውን እየዞረ እንቁላል ይዘራል፤ ሆዱ ደህና ነው፣ ይሮጣል፣ ይጮኻል። ማን ሐኪም ዘንድ ይወስደዋል?

ስለዚህ “ለውሻ የሚወጣ ገንዘብ” የሚባለው ነገር መጀመሪያውኑ የተጻፈው በተሳሳተ መዝገብ ላይ ነው። የውሻ ወጪ ሲባል ትርፍ የሌለው ነው፣ ማንም አይከፍለውም። የበግ ወጪ ሲባል ግን ዛሬ አንድ በግ በሺዎች ብር በሚሸጥበት ገበያ ከበቂ በላይ ያዋጣል። ትሏን የሚገድለው ፕራዚኳንቴል ብርቅ መድኃኒት አይደለም። ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ በአገር አቀፉ ዘመቻ ቢልሃርዚያ ባለባቸው አካባቢዎች ለተማሪዎች በነጻ ሲታደል የኖረው ያው ነው። ውዱ ኪኒኑ አይደለም፤ ውሻውን ክሊኒክ ማድረሱ ነው። እንግዲያው ውሻው ወደ ሐኪሙ የሚሄድበትን መንገድ መፈለግ ትቶ፣ ኪኒኑ ወደ ውሻው የሚሄድበትን መንገድ መፈለግ ነው። የወረዳው ባለሙያ በጎችን ሊከትብ ወይም የትል መድኃኒት ሊያጠጣ ቀበሌ ድረስ ይወርዳል፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦርሳ፣ ለየቤቱ ውሻ ፍሬው በክብደቱ ልክ ተቆጥሮ ቢሰጥ ሌላ ጉዞ አይጠይቅም። ባለቤቱ በእንጀራ ጠቅልሎ ያጎርሰዋል። ኢቨርሜክቲን የወጋ ሰው “ውሻዬን አክሜያለሁ” ሊል ይችላል፤ ኢቨርሜክቲን ግን ይህችን ትል አይነካትም።

ለሌላ እንስሳ ሲባል ውሻን በነጻ ማከም አዲስ ነገር አይደለም። ባሌ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ተላልፎ መንጋዎቿን ደጋግሞ ስለፈጀ፣ የጥበቃ ሰዎች ለዓመታት የገበሬውን ውሻ ሲከትቡ ኖረዋል። ያንን ክትባት ማንም የውሻ ቅምጥልነት አላለውም። መንዝም በጓሳ ቀይ ቀበሮ አለው። በጉ ደግሞ ከቀበሮ ያነሰ ጠበቃ ሊኖረው አይገባም። ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ኢካርዳ ከገበሬው ጋር በመንዝ በግ ላይ የሠሩት ሥራ አለ፤ ምርጥ አውራ በግ ከመንጋው ተለይቶ ለመንደሩ ሁሉ እንዲያገለግል ማድረግ። አዙሪት ደግሞ የሚበረታው በወጣት በግ ላይ ነው፤ አውራው የሚመረጠውም በወጣትነቱ ነው። አንድ የተመረጠ አውራ ሲሽከረከር የሚጠፋው የአንድ በግ ዋጋ ብቻ አይደለም።

“ባለቤት የሌለውስ ውሻ?” የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ከተሞቻችን ለዚህ የለመዱት መልስ መርዝ ነበር። መርዝ ግን ሬሳ የሚበላውን አሞራም ይዞ ይሄዳል፤ በሞተው ውሻ ቦታም ሌላ ይመጣል። ባለቤት የሌለውን ውሻ ትል የሚያሳጣው ጭንቅላት ሲያጣ ነው። የተቀበረ ወይም የተቃጠለ ጭንቅላት ምንም አያስከፍልም፤ አካፋና ትንሽ ጉልበት እንጂ። ጥልቀቱ ግን ውሻ ቆፍሮ የማያወጣው መሆን አለበት፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ቢጫን ይሻላል።

ከፋሲካ ማግስት የመንዝ ውሻ ሁሉ ጠግቦ ይተኛል፤ በየግቢው በግ ታርዷል። ኪኒኑ ከበዓሉ አንድ ወር ቆይቶ ቢሰጥ፣ በዓሉ ላይ የገባችው ትል እንቁላል መጣል ሳትጀምር ትያዛለች። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ቢደገም፣ ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ውሻው ታስሮ የሚወጣው ቢቀበር፣ ገና ሲደርስ የሜዳው እንቁላል ቀንሶ ይገኛል። በዓሉን የሚያውቅ ሰው ቀኑን ለመቁጠር የእንስሳት ሐኪም አያስፈልገውም።