መብቱ የልጁ ነው ወይስ የከተማው?

አዲስ አበባ የሚኖር ደመወዝተኛ ልጁን መዋዕለ ሕፃናት ለማስገባት ሲነሳ የሚያወዳድረው ክፍያን፣ ርቀትንና የመምህራንን ችሎታ ነው። ልጁ 4 ዓመት ሞልቶት መናገር ካልጀመረ ወይም ከእኩዮቹ ጋር መጫወት ካቃተው ግን ጥያቄው በአንድ ጊዜ ይለወጣል። «የትኛው ይሻላል?» መባሉ ይቀርና «የትኛው ይቀበለዋል?» ይሆናል። ይኸው ወላጅ የሚኖረው ግራና ቢሆንስ?

ብዙ አንባቢ ግራናን የሚያውቃት ከቆቦ ጋር ተጣምራ በምትጠራበት የሸለቆ ልማት ነው። የምትገኘው በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ ሲሆን የወረዳው መቀመጫ መርሳ፣ የዞኑ ደግሞ ወልድያ ነው። በቅርቡ አንድ የዚያ አካባቢ ዘመዴ ስልክ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሕጉን ያውቁታል። ይህን ልጅ ይዤ ወልድያ ልግባ ወይስ አዲስ አበባ ልምጣ?» አለኝ። ልጁ 5 ዓመት ሊሞላው ነው። ይስቃል፣ ሰው ይወዳል፤ አይናገርም። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የቤተሰብ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን አባትየው የጠየቀው የልጁ መብት ከየትኛው ከተማ እንደሚጀምር ነው። ይህ ደግሞ የሕግ ጥያቄ ነው።

ወረቀቱ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ግዴታ ጥሎበታል፤ ግዴታው ግን በአገሪቱ አቅም የተገደበ ነው። ከዚያ ወዲህ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ጸድቋል። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 24 በሁሉም ደረጃ አካቶ ትምህርት እንዲኖር ያዛል። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በተመለከተም ልጆቹ በሚኖሩበት ማኅበረሰብ ውስጥ ሊያገኙት እንደሚገባ ይደነግጋል። በሚኖሩበት ነው የሚለው፤ ተሰደው በሚደርሱበት አይልም። «ይህ የውጭ ወረቀት ነው» የሚል ካለ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) ያጸደቅናቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ይነግረዋል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ጠቅሶ የሕፃኑን ጥቅም አስቀድሟል።

ስትራቴጂም አላጣንም። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ በ2004 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የቅድመ አንደኛ ደረጃውን 2 ዓመት አድርጎታል። ለግራናው አባት ግን ይህ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በእሱ ደጅ ያለው ምርጫ ልጁን በአቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤት «ኦ» ክፍል ውስጥ ማስገባት ወይም ቤት ማስቀመጥ ነው። የ«ኦ» ክፍሏ መምህርት ደግ ብትሆን እንኳ ብዙ ሕፃናት ይዛ የማይናገር ልጅን እንዴት እንደምታስተምር ያሳያት ሰው ከሌለ ደግነቷ ብቻውን አያስተምረውም።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ጥያቄ በሌላ መልኩ ያውቁታል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት ሲፈልጉ ኪራዩን ብቻ ሳይሆን የትምህርት ዲስትሪክቱንም ያጣራሉ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሕግ በ1986 ተሻሽሎ ከ3 ዓመት ጀምሮ ያሉ ሕፃናትን አቅፏል። ልጁን ፈልጎ የማግኘት፣ የመመርመርና በጽሑፍ የግል የትምህርት ዕቅድ የማውጣት ግዴታ የዲስትሪክቱ ነው። ቤተሰቡ በትምህርት ዓመቱ መካከል ቢዛወር አዲሱ ዲስትሪክት ተመጣጣኝ አገልግሎት መስጠት አለበት። እዚያም ጭቅጭቅ አለ። የፌዴራሉ መንግሥት ለተጨማሪው ወጪ እስከ 40 በመቶ እንደሚሸፍን የገባውን ቃል አንድም ጊዜ አሟልቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ የእነሱ ምርጫ በደህናና በተሻለ መካከል ሲሆን፣ የእኛው ባለና በሌለ መካከል ነው።

መሰደድ ምን ያስከፍላል?

የግራናው ገበሬ ወልድያ ሲገባ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፣ ቤት ይከራያል፣ የቀን ሥራ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከመጣ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ከዘመድ ይርቃል። ልጁን የሚያውቁትንና የሚጠብቁትን አያቶችና ጎረቤቶችም ያጣል። አዲስ አበባ ደርሶስ? ዛሬ በሕይወት የሌሉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በራሳቸው ልጅ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋሙትን የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሰሉ ተቋማት ብዙ ቤተሰብ ታድገዋል። ነገር ግን የአንዲት እናት ጥረት የአንድ አገር ሥርዓት ሊሆን አይችልም።

አካባቢው ድሃ እንደሆነ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እንደተጎዳ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደተዘጉ አልዘነጋሁም። «ጤነኛውም አልተማረ» የሚል መልስ ይሰማኛል። ለየቀበሌው ባለሙያ ይቀጠር የሚል የለም። ልጁን መመዝገብ፣ ችግሩን መጻፍና ለወላጁ በጽሑፍ መልስ መስጠት ግን ከገንዘብ ይልቅ ግዴታን ማወቅ ይጠይቃል። አንድ የሠለጠነ ተዘዋዋሪ መምህር ለተወሰኑ ትምህርት ቤቶች መመደብም ከወረዳ አቅም በላይ አይመስለኝም። የወልድያ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ከመርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው።

ለዘመዴ የመለስኩት ይህን ነው። ለምርመራ መጓዝና ለትምህርት መሰደድ አንድ አይደሉም። መጀመሪያ ልጁ መስማት አለመስማቱ በሐኪም ይታይ፤ ለዚህ ወልድያ ወይም ደሴ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ከዚያ ቅርብ ባለው ትምህርት ቤት እንዲመዘገብ በጽሑፍ ያመልክት፤ ቅጂውን አስፈርሞ ይያዝ። እምቢ ከተባለ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ዞኑ መምሪያ ይሂድ። ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ያላቸው የእንባ ጠባቂና የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አሉ።

ችግሩ ሕፃን ልጅ አቤቱታ እስኪታይ ድረስ አለማደጉን አያቆምም። የ5 ዓመት ልጅ ደብዳቤው ከመርሳ ወልድያ፣ ከወልድያ ባሕር ዳር ሲመላለስ 7 ዓመት ይሞላዋል። ስለዚህ አባትየው ነገ ጓዙን ጠቅልሎ ቢነሳ የሚፈርድበት ሰው ሊኖር አይገባም። ሊጠየቅ የሚገባው ወረዳው ነው። አንድ ቤተሰብ በሄደ ቁጥር የሚጠይቀው ይቀንሳል፤ መሄጃ የሌለው ልጅ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል። ወረዳው መጀመሪያ እነዚህን ልጆች ቤት ለቤት ይቁጠር። ያልተቆጠረ ልጅ በጀት የለውም።