በጨዋታው ውስጥ ያለው መጽሐፍ ባዶ ገጽ ይኑረው

በአቃቂ የምትኖሩ ተማሪዎች፣ ከትምህርት ቤት መልስ አቀርቅራችሁ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ስትጫወቱ ወላጆቻችሁ «ይህ ልጅ ጊዜውን በከንቱ ፈጀ» ሳይሉ አይቀሩም። ብዙውን ጊዜም አይሳሳቱም። እኔ ግን የምከራከረው ጨዋታው ይብዛ ወይም ይነስ በማለት ሳይሆን፣ በጨዋታው ዓለም ውስጥ ስለሚቀመጥ መጽሐፍ ነው።

ብዙ ሰዎች በአንድ ሰርቨር ተገናኝተው፣ እያንዳንዱ የመረጠውን ሰው ሚና ይዞ የሚጫወትባቸው ጨዋታዎች አሉ። በአንዳንዶቹ ውስጥ መጽሐፍ የመደርደሪያ ጌጥ ነው፤ በሌሎቹም ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. የወጣው ኡልቲማ ኦንላይን ግን ለተጫዋቾቹ ባዶ መጽሐፍ አቀረበላቸው። ማይንክራፍትም ከ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መጽሐፍ፣ ላባና የቀለም ከረጢት ላገናኘ ተጫዋች የሚጻፍበት መጽሐፍ ይሰጣል። ተጫዋቹ ጽፎ ከፈረመበት በኋላ፣ ራሱ ጸሐፊው እንኳ ቢሆን፣ አንዲት ፊደል ሊለውጥ አይችልም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በጥንታውያን አድባራት የነበሩ የብራና ወንጌሎች ለንባብ ብቻ የተዘጋጁ አልነበሩም፤ በባዶ ቅጠሎቻቸውና በኅዳጎቻቸው ላይ የርስትና የጉልት ጉዳይ፣ ለደብሩም የተሰጠው ስጦታ ይመዘገብ ነበር። የታሪክ ተመራማሪዎች ስለዚያ ዘመን ኑሮ ብዙ የተማሩት ከነዚህ ማስታወሻዎች ነው።

እንግዲህ ከእናንተ አንዱ በማይንክራፍት ውስጥ የአቃቂን የቀድሞ ባቡር ጣቢያ ጡብ በጡብ ገነባ እንበል። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በአቃቂ በኩል አልፎ ነው። ግድግዳውና ጣሪያው ምንም ያህል ቢያምር፣ ከሩቅ አገር የሚመጣው ተጫዋች የሚያየው ቤት ብቻ ነው። በዚያ ማን ቆሞ ማንን እንደ ሸኘ፣ ባቡሩ ሲያፏጭ ሰፈሩ ምን ያደርግ እንደ ነበር አያውቅም። ይህን የሚያውቁት አያታችሁ ናቸው። እርሳቸው የነገሯችሁን ጽፋችሁ በጣቢያው ውስጥ በአትሮኖስ ላይ ብታኖሩት ግን ቤቱ አፍ ያወጣል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ስለ ገባ፣ በአማርኛ ላለመጻፍ የምታቀርቡት ሰበብ የለም።

እርግጥ ነው፣ ባዶ ገጽ ለሁሉ ከተሰጠ ስድብም ሐሰትም ይጻፍበታል። ስለዚህ የሰርቨሩ ባለቤት ፊርማ የሌለውን መጽሐፍ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ቢከለክል ተገቢ ይመስለኛል። እንዲነበብ እንጂ እንዳይለወጥ መቆለፍ ያለበት መጽሐፍም አለ። ድንበር የለሽ ዘጋቢዎች የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2020 ዓ.ም. በዚያው በማይንክራፍት ውስጥ በከፈተው ቤተ መጻሕፍት፣ በአገራቸው የታገዱ ጽሑፎች ይነበባሉ፤ ጎብኚው ግን ሊሠርዛቸው አይችልም። የምስክር ቃል ሊነካ አይገባውምና ትክክል ነው። ለሚማር ልጅ ግን የሌላውን ማንበብ ብቻ አይበቃውም።

አንድ ነገር ያሠጋኛል። ብራና በእሳት ካልተቃጠለ ወይም ምስጥ ካልበላው ዘመናት ይሻገራል፤ ሰርቨር ግን ባለቤቱ ኪራዩን መክፈል ያቆመ ዕለት ይዘጋል፤ የአያታችሁም ትረካ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት በደብተራችሁ ላይ ገልብጡት፤ ለአያታችሁም አንብቡላቸው፤ የተሳሳታችሁትን ያርሟችኋል።