ፈቃዱ አዲስ አበባ፣ ጥርሱ ካማሺ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ልብ እያዘነ ጥርስ ይስቃልና። የጤና ሥርዓታችን ግን ይህን ተረት እንደ መመሪያ የወሰደው ይመስለናል። ወባ ዘመቻ አላት፣ ክትባት ቀን ይቆረጥለታል፣ እናቶች ጤና ጣቢያ በነጻ ይወልዳሉ፤ ወደ ጥርስ ስንመጣ «ካመመህ አስነቅለው» ብለን እንገላገላለን። እሺ፣ እናስነቅለው። ግን ማን ጋ ሄደን?

ይህ ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ ሲነሳ ቅንጦት ይመስላል። እኛ የከተማ ልጆች ስለ ጥርስ የምናወራው ስለ መልክ ስናወራ ነው፤ ብሬስ ማሳሰር፣ ጥርስ ማስነጣት፣ ቬኒር ማስለጠፍ። ቲክቶክ ላይ ያማረ ጥርስ አይተን ስልክ ቁጥሩን እንመዘግባለን እንጂ «እስቲ የሙያ ፈቃድህን አሳየኝ» ያለ ጓደኛ እስካሁን አልገጠመንም። (ከእናንተ መሐል ጠይቆ የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።) ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ ራሳቸውን «የቬኒር ቴክኒሽያን» ብለው የሰው ጥርስ ላይ ሽፋን የሚለጥፉ ሰዎች በዝተው፣ የአገሪቱ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ሕዝቡን አስጠንቅቋል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ክርክሩ ችሎት ደርሶ፣ ጥርስ ማንጣት የጥርስ ሕክምና ስለሆነ ያልተመዘገበ ሰው ሊሠራው እንደማይችል ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ወስኗል።

እኛ አገር ፈቃድ የሚሰጠው ማነው? ታሪኩ ረዘም ይላል፤ ቶሎ እንለፈው። መንግሥት ሐኪም መመዝገብ የጀመረው ትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው አዋጅ ቁጥር 100 የሐኪሞችን ምዝገባ ሲደነግግ፣ በማኅበረሰባቸው የታወቁ የባህል አካሚዎችን ለሕይወት አደገኛ እስካልሆኑ ድረስ አልከለከለም ነበር። በ1994 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት ተቋቋመ። በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 661 ሥራው ወደ ምግብ፣ መድኃኒትና ጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ዞረ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ወጥቶ ባለሥልጣኑ በምግብና በመድኃኒት ላይ ሲወሰን፣ የባለሙያው ጉዳይ ወደ ጤና ሚኒስቴር ሄደ። ክልሎችም በበኩላቸው ፈቃድ ይሰጣሉ፣ ያድሳሉ። በዚያው በ2011 ዓ.ም. የብቃት ምዘና ፈተና ተጀመረ፤ ፈተናው የጥርስ ሕክምና ተመራቂዎችንም ይጨምራል። ዲግሪ ይዞ መምጣት ብቻውን አያሠራም ማለት ነው።

ይህን እንደግፋለን። እኛም የመውጫ ፈተና ተፈትነን ነው «ጋዜጠኛ» የተባልነው፤ እኛ ስንሳሳት ግን በማግስቱ ማረሚያ እናወጣለን። በስሕተት ለተነቀለ ጥርስ የሚወጣ ማረሚያ የለም።

ቅሬታችን ሌላ ነው። በጅምላ «የጥርስ ሐኪም» የምንላቸው ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። እንደ አዲስ አበባ፣ ጅማና ጎንደር ካሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለዓመታት ተምሮ በዶክተርነት የሚመረቅ አለ። በመካከለኛ ደረጃ ሠልጥኖ የሚያጥብ፣ የሚሞላና የሚነቅል የጥርስ ቴራፒስት አለ። ላቦራቶሪ ተቀምጦ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያበጅ ቴክኒሽያን አለ፤ የእሱ ሥራ ከቅርጹ ጋር እንጂ ከሕመምተኛው አፍ ጋር አይደለም። ከሁሉም በላይ፣ ከዶክተርነቱ በኋላ እንደገና ዓመታት ጨምሮ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምናን ወይም ጥርስ ማስተካከልን የተማረ ስፔሻሊስት አለ። አራቱም የሚለብሱት ነጭ ጋውን ነው። ሕመምተኛው በምን ይለያቸው? ፈቃዱ ይለያቸዋል፤ ፈቃዱን ግን እኛ አናነበውም።

አሁን ወደ ምዕራብ እንሂድ፤ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ወደ አሶሳ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝን አባይ ለሁለት ይከፍለዋል፤ መተከል በወዲያ ማዶ፣ አሶሳና ካማሺ በወዲህ ማዶ። አሶሳ ከተማ አጠቃላይ ሆስፒታል አለ፤ መተከል ውስጥ ደግሞ የፓዊ ሆስፒታል አለ። የካማሺ ሰው ግን ወደ ገዛ ክልሉ ዋና ከተማ የሚመጣው በወለጋ ዞሮ ነው። ይህ መንገድ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሱ ግጭቶች ስንቴ ተዘግቶ ስንቴ እንደተከፈተ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን እንኳ፣ ለአንድ መንጋጋ ጥርስ ብሎ የመኪና፣ የአልጋና የምግብ ወጪ ችሎ የሚጓዝ ገበሬ ስንት ነው?

ስለዚህ በቅርንፉድ ይሞክራል። በነጭ ሽንኩርት ይሞክራል። ከሱቅ የሕመም ማስታገሻ ይገዛል። በሦስተኛው ሌሊት ጉንጩ ሲያብጥ ጉጠት ያለው ሰው ይፈልጋል። ጉጠት ያለው ሰው ደግሞ የትም አይጠፋም።

እዚህ ላይ ሕጉ ምን ይላል? ያለ ፈቃድ ማከም ወንጀል ነው ይላል። ልክ ነው። ያልተቀቀለ ጉጠት የጉበት ቫይረስንና ኤች አይ ቪን ካንዱ አፍ ወደ ሌላው ያሻግራል። ከታችኛው መንጋጋ የተነሳ መግል ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ወርዶ መተንፈሻን ሊዘጋ ይችላል፤ በጥርስ ሰው ይሞታል ማለት ነው። የሕፃናቱ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። «ግግ» የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ከአያቶቻችሁ ሰምታችኋል። ሕፃኑ ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰው፣ ሲያተኩሰው ድዱ ላይ ያበጠውን ቦታ «ግግ ነው» ብለው በስለት ፈልፍለው ያወጡታል። የሚወጣው ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው፤ አንዳንዴም ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ ፍሬ አብሮ ይጎዳል፤ ተቅማጡ ግን ባለበት ይቀጥላል። ከእኛ እስከ ሱዳን፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ የተለመደ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የወተት ጥርስ በማውጣት ሕፃን እንዲሞት ማድረግን በስም ጠቅሶ ያስቀጣል።

በሕጉ ላይ ቅሬታ የለንም። ሕጉ «አትንካ» ያለው ሰው ሲነሳ ግን በቦታው ማን ይቀመጣል? ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሚመልሰው «ማን አይሠራም» የሚለውን ጥያቄ ነው፤ የካማሺው ሰውዬ የሚጠይቀው ደግሞ «ማን ይሠራልኛል» ብሎ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ተያይዘው እስካልተመለሱ ድረስ ጉጠት የያዘው ሰው ገበያው አይቀዘቅዝም። ብታስሩትም ጉጠቱን ልጁ ይረከባል።

እኛ መልሱ ከቴራፒስቱ ይጀምራል እንላለን። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኒውዚላንድ ሐኪም ላልደረሰላቸው ተማሪዎች የትምህርት ቤት የጥርስ ነርሶችን ማሠልጠን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው፤ በኋላ ብዙ አገሮች ተከትለዋታል። እዚሁ ሰፈራችን ታንዛኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ያለ ኤሌክትሪክና ያለ መሰርሰሪያ፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ የተበላሸውን የጥርስ ክፍል ጠርጎ በሚጣበቅ ሙሌት የመድፈን ዘዴ ተጀመረ። ሙሌቱን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ጋር በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። መብራት ለማይደርስበት ወረዳ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ለመሥራት ስድስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ አያስፈልግም፤ በደንብ መሠልጠን፣ መፈተንና ድንበሩ የተጻፈበት ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል። ፓዊ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፤ አሶሳ ዩኒቨርሲቲም በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ጀምሯል። ጉሙዝኛና በርታኛ የሚናገሩ ወጣቶችን ተቀብሎ ለዚህ ሥራ ማብቃት ሰማይ መቧጠጥ አይደለም።

ክርክሩ እንደሚመጣ እናውቃለን። «ለአዲስ አበባ ስፔሻሊስት፣ ለካማሺ ቴራፒስት? ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና ለሁለተኛ ደረጃ ዜጋ ነው ወይ?» የሚል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኛንም አከራክሮናል። የደረስንበት ይህ ነው፦ የካማሺው ሰው ዛሬ የሚያማርጠው በቴራፒስትና በስፔሻሊስት መካከል ሳይሆን በቴራፒስትና በጉጠት መካከል ነው። ደግሞም ቴራፒስት በሌለበት ስፔሻሊስቱም ሕመምተኛውን በጊዜ አያገኘውም። ኖማን ተመልከቱ። በድድ ቁስል ይጀምርና በቀናት ውስጥ የተጎሳቆለ ሕፃን ጉንጭና መንጋጋ የሚበላ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ተርታ መድቦታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንቲባዮቲክና ምግብ ሊያቆመው ይችላል፤ ካለፈ በኋላ የሚያስፈልገው የፊት ቀዶ ሐኪም ነው፣ ያውም ደጋግሞ። ያንን የድድ ቁስል በመጀመሪያው ሳምንት ወረዳው ላይ ሆኖ የሚያየው ማነው?

ቴራፒስቱ ግን ድንበሩን መዝለል የለበትም። ይህ ለእኛ የማይነካ ጉዳይ ነው። መካከለኛ ባለሙያ ሰው ባለመኖሩ ብቻ ቀስ በቀስ «ዶክተር» ተብሎ፣ መንጋጋ ወደ መቅደድ የሚሄድበት መንገድ ሰፊ ነው። እዚህ ላይ መንግሥት ፈቃድ ሰጪነቱን ያሳይ። ፈቃዱ ባለቤቱ ምን መሥራት እንደሚችል ብቻ ሳይሆን ምን መሥራት እንደማይችልም ይዘርዝር፤ ከዚያ በላይ የሆነው ወዴት እንደሚላክም ይጻፍበት። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ደግሞ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ አይሁን። በርታኛ፣ ጉሙዝኛ፣ ሺናሽኛ የሚናገር ሰው የሚገባው ነገር፣ ቢያንስ በሥዕል፣ ይኑርበት። አራቱን ነጭ ጋውኖች መለየት የሕመምተኛው መብት ነው። ለቲክቶኩ ቬኒርም የሚሠራው ይኸው ነው፤ ስሙን ስናስገባ «ይህ ሰው እንዲህ እንዲህ መሥራት ይችላል» የሚለን፣ ስልካችን ላይ የሚከፈት መዝገብ።

አንድ ነገር እንጨምር፣ ብዙ ሰው አያነሳውምና። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በኩርሙክ በኩል የሱዳን ስደተኞች ወደ አሶሳ ዞን ሲገቡ ቆይተዋል። ሱዳን የጥርስ ሐኪም ማሠልጠን የጀመረችው ከእኛ ቀድማ ነው፤ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ተከፍቷል። ከእነዚህ ስደተኞች መካከል የጥርስ ሐኪም ቢገኝስ? አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኞች የመሥራት መብት ሰጥቷል። ፈቃድ ሲጠይቅ ግን ዲግሪውን ያስተማረው ተቋም እንዲያረጋግጥለት ቢባል፣ በጦርነት ከተመታች ካርቱም ማን ይመልስለታል? ወረቀቱ መምጣት ካልቻለ ሰውየው ይፈተን። ፈተናው አለን። ካለፈ በባለሙያ ክትትል ሥር ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጠውና ለስደተኛውም ለአሶሳ ገበሬውም ይንቀል፣ ይሙላ።

ከክልሉ ጤና ቢሮ የምንጠይቀው ለጊዜው ትንሽ ነገር ነው። በየወረዳው ጤና ጣቢያ በር ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ በዚህ ወረዳ ጥርስ ለመንቀል ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ዝርዝር፣ ከነደረጃቸውና ከሚገኙበት ቀን ጋር። የሚጻፍ ስም ካልተገኘ ወረቀቱ ባዶውን ይለጠፍ፤ ሕዝቡም፣ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የሚመጣውም ኃላፊ ይየው።