የበሩ ማስታወቂያና የሠራተኛው እግር

«የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ስለ ጫማ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። እንመልስለት። እኛ ስለ እግር ስንጽፍ ኖረናል። ባዶ እግሯን ውኃ የምትቀዳ እናት፣ ባዶ እግሩን የዘመተ አርበኛ፣ በተሰነጠቀ ተረከዙ አፈሩን የሚረግጥ ገበሬ ያልቀረበበት የግጥም ምሽት የለም። ጽፈናል፤ አንብበናል፤ አጨብጭበናል። ግን ያንን እግር ምን እንደሚወጋው፣ ማን እንዲወጋ እንዳደረገው ጠይቀን አናውቅም። ዛሬ ግጥሙን ለአንድ እትም እናሳድረውና ይኸንኑ እንጠይቅ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። ከመካከላችን ምሕንድስና የምንማረው ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ የሕንፃ ሥራ ተላክን። የድርጅቱን ስም አንጠራም፤ ስም ከጠራን «የእነ እገሌ ጥፋት ነው» ተብሎ ሌላው ሁሉ ይገላገላልና። በሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። «ያለ ሄልሜትና ያለ ሴፍቲ ጫማ መግባት ክልክል ነው!» ይላል፤ በቀይ ቀለም። እንደ ደረስን ወደ ስቶር ወሰዱን፤ የእግራችንን ቁጥር ጠየቁን፤ አፍንጫው ውስጥ ብረት ያለበት አዲስ ጫማ ሰጡን። ሥራችን ምን ነበር? ፕላን ማየት፣ ሜትር መያዝ፣ ከመሀንዲሱ ኋላ ኋላ መከተል።

በዚያው ሰሌዳ ሥር በየማለዳው የሚያልፈው የቀን ሠራተኛ ግን ያደረገው ኮንጎ ነበር፤ በረባሶ ነበር፤ ጣት የሚያሳይ ሸራ ጫማ ነበር። ባሬላ የሚሸከመው እሱ ነው። አርማታ የሚረግጠው እሱ ነው። ካሳፎርማ የሚያፈርሰውም እሱ ነው፤ ከፈረሰው ጣውላ ላይ ሽቅብ የቆመው ሚስማር የሚጠብቀው እሱን ነው። ዘበኛው «ጫማ የለህምና አትገባም» ብሎ አንድ ሰው ሲመልስ አላየንም። ቢመልስማ ሥራው በነጋታው ይቆም ነበር!

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ልጅ ሚስማር ረገጠ። ሚስማሩ ኮንጎውን በስቶ እግሩ ውስጥ ገባ። ካቦው ጎትቶ አወጣለትና «ወንድ አይደለህ እንዴ! ምንም አይልህም» አለው። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ የሚባል ነገር ያነሣለት የለም። ልጁ እያነከሰ ሄደ። በማግስቱ ስሙ ከዝርዝሩ ተሰርዞ በቦታው ሌላ ገብቷል። እኛስ ምን አደረግን? ምንም። አዲሱን ጫማችንን አድርገን ቆመን አየን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ቆሞ ያየውስ? ይኸን የምንጽፈው እኛም እንዳንረሳ ነው።

ከተመለስን በኋላ ስለዚያ ሰሌዳ ተከራከርን። ገሚሳችን «ለጎብኚ የተሰቀለ ጌጥ ነው» አልን። ሕጉን ስናነብ ግን ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ ገባን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኞቹ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ፣ ልብስና ሌሎች ቁሳቁሶችን እንዲያቀርብ፣ ስለ አጠቃቀማቸውም መመሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ቀጥሎ ሠራተኛው በተሰጠው መሣሪያ በአግባቡ እንዲጠቀም ያዛል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ማቅረብ ይቀድማል፤ መጠቀም ይከተላል። ሰሌዳው ይኸን ገልብጦ የመጀመሪያውን ግዴታ ዋጠውና ሁለተኛውን ብቻ በቀይ ቀለም ጻፈው።

ለምን? አዋጁ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት ግን አሠሪው አይጠየቅም፤ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስም ሆን ተብሎ እንደ ተደረገ ይቆጠራል። አሁን ሰሌዳውን እንደገና አንብቡት። የሠራተኛውን እግር ከሚስማር የሚጠብቅ ሳይሆን የአሠሪውን ኪስ ከካሣ የሚጠብቅ ነው። «እኔ ከልክያለሁ፤ እሱ ገባ» ለማለት የተዘጋጀ ምስክር ነው። እኛ ግን እንላለን፤ ጫማ ሳይሰጡ «ያለ ጫማ አትግባ» ማለት እንጀራ ሳያቀርቡ «ሳትበላ አትነሣ» ማለት ነው። እንዲህ ያለው ትእዛዝ መመሪያ አይባልም፤ ወጥመድ ነው።

«ድርጅታችን የጫማ ደንብ አለው» የሚሉም አሉ። ደንቦቹን እንያቸዋ!

አንደኛው ደንብ «ጫማው ይሰጣል፤ ዋጋው ከደመወዝ ይቆረጣል» ይላል። አዋጁ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም ፍርድ ቤት ካልፈቀደ፣ ሠራተኛውም በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል። እናስ? በቅጥሩ ዕለት የስምምነቱ ወረቀት አብሮ ይቀርብለታላ! ሥራ ፈላጊ የማይፈርመው ወረቀት አለ እንዴ? ነገር ግን የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 በአንቀጽ 21 የደኅንነት እርምጃዎች ለሠራተኛው ምንም ወጪ እንዳያስከትሉበት ይደነግጋል። ምንም ማለት ምንም ነው፤ «በሦስት ወር ተከፋፍሎ» ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ደንብ «ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ» ይላል። ቋሚው ብዙ ጊዜ ጠረጴዛ ያለው ነው፤ ሚስማሩ ያለው ግን የቀን ሠራተኛው ዘንድ ነው። ሚስማር የቅጥር ደብዳቤ አይጠይቅም! አሠሪው ሲጠየቅ ወደ ንዑስ ተቋራጩ፣ ንዑስ ተቋራጩ ወደ ካቦው፣ ካቦው ወደ ሠራተኛው ይጠቁማል። እንዲህ ሲቀባበሉት ባዶ እጁን የሚቀረው ሠራተኛው ነው።

ሦስተኛው «በዓመት አንድ ጊዜ፣ የተገኘው ቁጥር» የሚለው ነው። አርባ ሁለት ለሁሉም! አሸዋ የምታመላልሰው ሴት ሠላሳ ሰባት ቁጥር እግሯን በአርባ ሁለት ጫማ ውስጥ ታንሸራትታለች። በመሰላል ስትወጣ ጫማው ራሱ ይጥላታል። አውልቃው ስትገባ ደግሞ «ሰጥተናት አላደረገችም» ተብሎ ይጻፍባታል።

የአሠሪዎቹንም ክርክር ሳንሰማ አንፍረድ። «የቀን ሠራተኛ ጫማውን ወስዶ ይሸጠዋል» ይላሉ። እሺ፣ የሚሸጥ ይኑር እንበል። አካፋውና ዶማው ጠዋት ከስቶር ወጥቶ ማታ ተቆጥሮ ይገባ የለም እንዴ? ለአካፋ የተገኘው መዝገብ ለጫማ እንዴት ጠፋ? የሠራተኛው ስም ተጽፎበት፣ በየቁጥሩ ተደርድሮ፣ ማታ ሊቀመጥ ይችላል። «ውድ ነው» ይላሉ። ለእኛ ለተለማማጆቹ ሲሆን ለምን አልተወደደም? «ሠራተኛው ራሱ አይወደውም፤ ይሞቀኛል ይከብደኛል ይላል» ይላሉ። እውነት ነው፤ እንዲህ የሚሉ ሠራተኞች አግኝተናል። ደግመን ስንጠይቃቸው ግን አንዱ የጠበበው፣ አንዱ ያለ ካልሲ የላጠው፣ አንዱ ያረጀ የሌላ ሰው ጫማ የተሰጠው ሆኖ አገኘነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኸ ነው፤ የአቅርቦቱን ጥፋት ትቶ የሠራተኛውን ጠባይ መደብደብ።

አንዳንዱ ደግሞ «ጫማ ያው ጫማ ነው» ይላል። አይደለም። በዓለም አቀፉ መለኪያ አይኤስኦ 20345 መሠረት የደኅንነት ጫማ አፍንጫ 200 ጁል ምት መቻል አለበት። ባጭሩ፣ 20 ኪሎ የሚመዝን ብረት ከአንድ ሜትር ከፍታ ቢወድቅበት ጣቶቹን ማትረፍ አለበት። ሚስማር የሚፈራበት ቦታ ላይ ደግሞ ሶሉ ውስጥ ሚስማር የማያሳልፍ ንጣፍ ሊኖረው ይገባል። አርማታ ለሚረግጥ ይኸ ብቻ አይበቃም። እርጥብ ሲሚንቶ ጠንካራ አልካሊ ነው፤ ጫማ ውስጥ ገብቶ ከቆየ ቆዳን ያቃጥላል፣ ያቆስላል፤ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ መቃጠሉን የሚያውቀው ማታ ሲያወልቅ ነው። ለሱ ውኃ የማያስገባ ረጅም ቦቲ ያስፈልገዋል። «ጫማ ሰጥተናል» የሚል አሠሪ ሲገጥመን «ለየትኛው ሥራ፣ የትኛውን ጫማ?» ብለን እንጠይቀው።

የመጨረሻው ክርክር የሚያናድደን ነው። «ሐበሻ እኮ ባዶ እግሩን ለምዶታል» ይላሉ። አበበ ቢቂላ ይጠቀሳል። መልካም፤ እኛም እንጥቀሰው። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ባዶ እግሩን 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሮጦ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሮጦ ደገመው። ሮምን የሚያነሣ ቶኪዮንም ያንሣ! አበበ የሮጠው በአስፋልትና በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ነው እንጂ ሚስማር በተተከለበት ጣውላ ላይ አይደለም። እግራችን «ለምዶታል» ስለሚባለው ደግሞ በደጋው የእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ዕድሜውን በባዶ እግሩ ያረሰውን ገበሬ ጠይቁ። ብዙ ሰው እግሩ አብጦ የሚኖረው፣ ከሰው ተገልሎ የሚቀመጠው፣ አፈሩ ለዓመታት በቆዳው እየገባ ነው። በሽታው በጫማና በመታጠብ ሊከለከል የሚችል ነው። ለምዶት ቢሆን ኖሮ ባላበጠ ነበር።

እስካሁን ጣታችንን ወደ አሠሪው ቀስረናል። አሁን ወደ ራሳችን እንመልሰው። በልምምዱ ማብቂያ ላይ አንድ ቅጽ ቀረበልን። «የደኅንነት መሣሪያ ለሠራተኞች ተሰጥቷል» የሚል መስመር ነበረበት፤ ከጎኑ የምልክት ሳጥን። ከመካከላችን ምልክት አድርጎ የፈረመ አለ። «ውጤት እንዳይበላሽብኝ ነው» አለን። አልፈረድንበትም፤ ቅጹ ለሁላችን ቢቀርብ ስንቶቻችን እንደማንፈርም አናውቅምና። ነገ ግን ተቆጣጣሪው መሀንዲስ እኛው ነን። ዝርዝሩን የምናዘጋጀው፣ ክፍያውን የምናጸድቀው፣ ሰሌዳውን የምናሰቅለው እኛው ነን። የሥራ ቋንቋ የማይገባቸው ወንድሞቻችን የሕግና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎችም ከዚህ አያመልጡም፤ የቅጥር ውሉን የሚያረቅቁት፣ በጀቱን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። አንደኛ፣ በሚመጣው ክረምት ለልምምድ የምንወጣ ሁሉ በዓይናችን ያላየነውን ጫማ «ተሰጥቷል» ብለን አንፈርም። አንድ ሰው ብቻውን እምቢ ቢል ውጤቱ ይበላሻል፤ ሁላችን እምቢ ካልን የሚበላሸው ቅጹ ነው። ሁለተኛ፣ ትምህርት ክፍሎቻችን ተማሪ ከመላካቸው በፊት «ለተማሪዎቻችን ጫማ አላችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ለቀን ሠራተኞቻችሁስ?» ብለው እንዲጠይቁ በጽሑፍ እናመልክት። ሦስተኛ፣ ነገ የጨረታ ሰነድ ስናዘጋጅ የመከላከያ ጫማን በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ለብቻው፣ በቁጥርና በዓይነት እንጻፈው። ለብቻው ያልተጻፈ ወጪ ተጫራቹ ዋጋ ሊቀንስ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጥለው ነውና።

እኛ ያኔ የተሰጠንን ጫማ መልሰናል። ያ ልጅ የት እንደ ገባ ጠይቀን ነበር፤ ካቦው ስሙን እንኳ አላስታወሰውም። ሰሌዳው ግን እስካሁን በሩ ላይ አለ።