ስለ ጌተም ማር

«ነጭ ማር» የሚለው ስም በገበያ ላይ ከሚገባው በላይ ሥራ ይሠራል። ገዢው ንጣቱን አይቶ ይገዛል፤ ሻጩም ንጣቱን አሳይቶ ይሸጣል፤ ንቢቱ ማሩን ከምን አበባ እንዳመጣችው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከትግራይ ደጋ የሚመጣው ነጭ ማር ጠብብ ከሚባለው አጭር ቍጥቋጦ አበባ የሚገኝ ሲሆን፥ ከከፋና ከሸካ ጫካ የሚወጣው ነጭ ማር ደግሞ ከጌተም ዛፍ የሚገኝ ነው። በቀለም ይመሳሰላሉ እንጂ አገራቸውም፥ አበባቸውም፥ ጣዕማቸውም ለየብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ጤፍም ሩዝም ነጭ ነው ብሎ በአንድ ቍና እንደ መስፈር ነው።

ጌተም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ጫካ የሚገኝ ትልቅ ዛፍ ነው። አበቃቀሉ የሚያስደንቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው በሌላ ዛፍ ላይ ተጠግቶ ነውና፤ ከዚያም ሥሩን ወደ ታች እየሰደደ መሬት ሲነካ ራሱን የቻለ ዛፍ ይሆናል። ከመጋቢት ጀምሮ በበልጉ ወራት አበባው ሲፈነዳ ንቦች ወደ እርሱ ይጐርፋሉ። ንብ ከቀፎዋ አንድ ጊዜ በወጣች ቍጥር ከአንዱ ዐይነት አበባ ወደ ሌላው የምትዘል አይደለችም፤ የጀመረችውን ዐይነት ይዛ ትመለሳለች። ስለዚህ አንድ አበባ አገሩን በሞላበት ወራት ቀፎው በዚያው አበባ ማር ይሞላል። የማር መርማሪዎችም በማሩ ውስጥ የሚገኘውን የአበባ ዱቄት በማጉያ መነጽር ቈጥረው፥ በተለምዶ ከ100 እጅ 45 እጁ ከአንድ አበባ ሆኖ ሲያገኙት በዚያው አበባ ስም ይጠሩታል።

የጌተም ማር ጣዕሙ ለስላሳ ነው። እንደ ግራዋ ማር ጠቆር ብሎ ከጣፋጭነቱ ኋላ ምሬት አያስከትልም። ሽታው ቀስ ብሎ የሚመጣ የአበባ ሽታ ነው፤ የተቸኰለ ሰው ላያገኘው ይችላል። በረጋም ጊዜ ጥራጥሬው እጅግ የደቀቀ ስለሆነ በምላስ ላይ እንደ ቅቤ ይሟሟል። ይህን ማር ቀምሶ «ጣፋጭ ነው» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ሰው ግማሹን አልቀመሰም፤ ጣፋጭነትማ ስኳርም አለው።

ዳሩ ግን በከተማ ስለ ረጋ ማር ብዙ ሐሜት ይነገራል። ማሩ የረጋ እንደ ሆነ ገዢው «ስኳር ተጨምሮበታል» ብሎ ይመልሰዋል። ይህ ስሕተት ነው። ማር የሚረጋው በውስጡ ካሉት የስኳር ዐይነቶች መካከል ግሉኮስ የተባለው ውሃው ሊይዘው ከሚችለው በላይ ሲሆን ነው፤ የግሉኮሱም ብዛት እንደ አበባው ይለያያል። የጌተም ማር ፈጥኖ መርጋቱ ጠባዩ እንጂ ነውሩ አይደለም። ስኳር የሚቀላቅሉ አታላዮች የሉም ለማለት አይደለም፤ አሉ፥ ንጹሑንም ማር ያስጠረጠሩት እነርሱ ናቸው፤ ነገር ግን ተንኰላቸው የሚታወቀው በምርመራ እንጂ በመርጋት አይደለም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሻጩ የገዢውን ጥርጣሬ ፈርቶ ማሩን በእሳት አሙቆ ማቅጠኑ ነው። ያን ጊዜ ቀስ ብሎ የሚመጣው ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፤ የሚቀረው ጣፋጭ ፈሳሽ ብቻ ነው።

ሌላው ጥፋት የሚደርሰው በመቍረጫው ወራት ነው። የጌተም አበባ ካለፈ በኋላ ብሳና ይከተላል፥ ማሩም ጠቆር ያለ ነው። ቈራጩ ጥቂት ሳምንታት የዘገየ እንደ ሆነ ሁለቱ ማሮች በአንድ ቀፎ ይገናኛሉ። በጊዜው የቈረጠው ሰው እንኳ፥ በሌሊት ጢስ ይዞ ከረዥም ዛፍ ላይ በድካም ያወረደውን ማር ነጋዴው ከሌላው ጋር በአንድ ዕቃ ይገለብጥበታል። የኢትዮጵያ ማር አብዛኛው ለጠጅ የሚውል ነውና የአበባውን ስም የሚጠይቅ የለም። ጠጅ የራሱ ክብር አለው፥ ማንም አይነቅፈውም፤ ነገር ግን ጌሾ ለሚገባበት ማር የጌተምን ለስላሳ ሽታ ማፍሰስ ለጠጁም አይጠቅመው፥ ለማሩም አይበጀው። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ የተባለው ለዚህም ሳይሆን አይቀርም።

በከፋና በሸካ ኮቦ የሚባል የቈየ ልማድ አለ፤ በዚህም ልማድ መሠረት ሰው በጫካው ውስጥ የታወቀ ድርሻ ይዞ በዛፎቹ ላይ ቀፎውን ይሰቅላል። ዛፉ የቀፎ መስቀያና የማር ምንጭ ስለሆነ ባለ ድርሻው ይጠብቀዋል። የከፋ ጫካ በ2002 ዓ.ም.፥ የሸካ ጫካ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። መመዝገባቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ባለ ድርሻው ከጌተም ማር የሚያገኘው ዋጋ ከተራው ማር ዋጋ የማይበልጥ ከሆነ፥ ጫካውን ለቡና ወይም ለሻይ እርሻ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ምን ብሎ ይመልሰዋል?

ኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ማኅበር አገሮች ማር እንድትልክ የተፈቀደላት በ2000 ዓ.ም. ነው። በዚያ ያሉ ገዢዎች ማርን በአበባው ስም መግዛት የለመዱ ናቸው። ስለዚህ የማር አምራቾች ማኅበራት የጌተሙን ማር በተለየ ዕቃ ቢቀበሉ፥ ከሌላውም አብልጠው ቢከፍሉበት፥ በዕቃውም ላይ «የጌተም ማር፥ ማሻ፥ ግንቦት» ብለው አበባውን፥ አገሩንና ወሩን ቢጽፉ፥ «መርጋቱ ጠባዩ ነው» የሚልም አንድ መስመር ቢጨምሩበት ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው የተለየ ዕቃ፥ ክዳንና ወረቀት ነው፤ ለሚመጣው የጌተም አበባ ሊደርስ ይችላል።