ለቂሊንጦ እንግዳ መምህራን የሚገባ አቀባበል

ቅኔ ሊማር ወይም ዜማ ሊያጠና ከአባቱ ቤት የወጣ ደቀ መዝሙር ከጎጃም እስከ ዋድላ ጉባኤ ፍለጋ ሲዞር፣ የደረሰበት አገር ሕዝብ የማን ወገን መሆኑን ሳይመረምር ከዕለት እንጀራው ቆርሶ ይሰጠው እንደ ነበረ፣ ትምህርቱን ፈጽሞ ወንበር ሲዘረጋም ደብሩ ድርጎ ቆርጦለት፣ ምእመናኑ ጎጆ ቀልሰውለት እንደ ራሳቸው ሰው ያኖሩት እንደ ነበረ፣ በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ከሩቅ የመጣ መምህር በድርጎ ብቻ እንደማይኖር አባቶቻችን የተረዱት ከብዙ ዘመን በፊት ነው።

ይህን ማንሣቴ ስለ ቂሊንጦ ነው። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ትናንት እርሻ በነበረው በዚያ የመረሬ ሜዳ ላይ፣ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከቆመ ወዲህ፣ ዕውቀታቸውን ይዘው ከባሕር ማዶ የሚመጡ መምህራን ሥራቸውን የሚጀምሩት የከተማው ሰው ራሱ ገና ባልለመደው ሰፈር ነው። ውል ደመወዛቸውን ሊወስን፣ ማደሪያም ሊሰጣቸው ይችላል፤ ጎረቤት ግን በውል አይገኝም።

የአዲስ መጤውን ኑሮ ልብ ብሎ ያየ ሰው ጭንቀቱ የሚበዛው በጥቃቅኑ ነገር እንደ ሆነ ይገነዘባል። የእኛ ሰዓት ከፀሐይ መውጣት የሚቆጠር ስለ ሆነ፣ ተማሪዎቹ ሁለት ሰዓት የሚሉት ክፍለ ጊዜ በእርሱ ሰዓት ስምንት ነው፤ ዓመቱ 13 ወራት ያሉት፣ ከአገሩም ዘመን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የሚያንስ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ምግብ ቤቱ የጾም ብቻ ለምን እንደሚያቀርብለት፣ የታክሲው ረዳት በአንድ ትንፋሽ ከሚጠራቸው ስሞች የእርሱ መውረጃ የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረው ሰው ካላገኘ፣ በትምህርቱ ሊቅ የሆነው ሰው በመንገድ ላይ እንደ ሕፃን ይሆናል። ይህ ለማንም ሊቅ ከባድ ፈተና ነው፤ ፈተናውም ከክፍሉ ደጃፍ ውጭ አይቀርም፤ ገብቶ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አብሮት ይቆማል።

ቂሊንጦ ግን ይህን ኀዘን ለመረዳት ከማንም ሰፈር የቀረበች ናት። በጋራ መኖሪያ ቤቶቿ የሚኖረው ሕዝብ ራሱ፣ ዕጣ ደርሶት የልጅነት ጎረቤቱን፣ ያጠመቀውን ደብርና የአባቱን እድር በመሐል ከተማ ትቶ የመጣ፣ በማያውቀው ደረጃ ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር ሰላምታ የጀመረ፣ እድሩንም እንደ አዲስ የመሠረተ ነው፤ ቀድሞ የነበሩት ገበሬዎችም እርሻቸው ከተማ ሲሆን አይተዋል። እንግድነትን እንዲህ የቀመሰ ሕዝብ እንግዳን ለመቀበል ሌላ ሰባኪ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው አገናኝ ነው።

አንዳንድ ሰዎች፣ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ እስከ ሆነ ድረስ መምህሩ የአገሩን ቋንቋ ማወቁ ምን ይጠቅማል ይላሉ። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ሥራ የጀመሩት፣ ቁጥራቸው ከ270 የሚበልጠው የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች ያስተምሩ የነበረው በእንግሊዝኛ ነበረ፤ ሆኖም ወደ እኛ ከመላካቸው በፊት በዋሽንግተን ከተማ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ተምረዋል። የላኳቸው ሰዎች ቋንቋው ለትምህርቱ ሳይሆን ለኑሮው እንደሚያስፈልግ አስተውለው ነበር። ተማሪም ያልገባውን የሚጠይቀው የሚቀርበውን መምህር ነውና፣ ኑሮውና ትምህርቱ ፈጽሞ አይለያዩም።

ሌሎች ደግሞ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ለሚሄድ ሰው ይህን ያህል መድከም ለምን ይላሉ። ለዚህ መልስ የሚሆነኝ የመካነ ሥላሴው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ነው። ይህ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በሮም ያወቀው ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ስለ ነገረላቸው፣ የጎታው መስፍን ኤርንስት እ.ኤ.አ. በ1652 ወደ ቤተ መንግሥታቸው አስጠርተው በክብር ተቀበሉት፤ በዚያ የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነበረ፤ በ1658ም በባሕር ላይ መርከብ ሰጥማ ዐረፈ። ሉዶልፍ ግን ከእርሱ የተማረውን ጠብቆ አኑሮ በ1698 የአማርኛን ሰዋስው አሳተመ። ባዕድ አገር በአንድ ኢትዮጵያዊ መምህር ላይ ያዋለችው የጥቂት ወራት ቸርነት ይህን ካፈራ፣ እኛ ከምንቀበላቸው መምህራን ሁለት ዓመት አነሰ ብለን የምንሰስተው በምን ምክንያት ነው?

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው አስተዳዳሪዎችና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተመካክረው፣ ለእያንዳንዱ አዲስ መጤ መምህር አንድ ተቀባይ ቤተ ሰብ እንዲሰይሙለት፣ ይኸውም ቤተ ሰብ ገበያ እንዲያወጣው፣ በበዓል እንዲጠራው፣ በታመመም ጊዜ እንዲጠይቀው እለምናለሁ። የአማርኛና፣ አካባቢው የኦሮሞ አገር ነውና፣ የኦሮምኛ ትምህርት በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ሥራ ተቆጥሮ ሰዓት ይመደብለት። ከሁሉ በላይ ግን እድሮቹ ለሚቆይበት ዘመን በአባልነት ይመዝግቡት፤ ወርኃዊ መዋጮውን ይክፈል፣ የጎረቤቱም ሰው ሲሞት በድንኳኑ ይቀመጥ፤ ከአገሩም የእናቱ ወይም የአባቱ መርዶ ቢመጣበት፣ አልቅሶ የሚያስተዛዝነው፣ ንፍሮ የሚቀቅልለት፣ ሌሊቱን አብሮት የሚያድር ሰው ያገኛል።