ሶፍትዌር ሠሪዎቻችን ቅኔ ቤት ይግቡ

«ሶፍትዌር እንደ ሕንጻ ነው፤ ንድፉ ይለቅ፣ ይፈረምበት፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አይናገር» የሚል እምነት በየመሥሪያ ቤታችን ሥር ሰድዷል። ይህን እምነት አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የምቃወመውም ፍኖተ ሰላም ላይ በባንክ መስኮት ተቀምጬ ዕዳውን ማን እንደሚከፍል ስለማይ ነው።

ከፋዩ በርበሬውን ሸጦ ከገጠር የመጣው ገበሬ ነው። «ጌትነት» በፊደላችን አንድ ነው፤ በላቲን ግን አንዱ ጸሐፊ ከ«ት» በኋላ አናባቢ ይጨምራል፣ ሌላው ይተዋል። መታወቂያውና ማሽኑ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሰውየው የገዛ ገንዘቡን ሳይዝ ይመለሳል። ጳጉሜን 5 ቀን የተወለደውማ 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ቅጽ ፊት ልደቱን ይለውጣል! ይህን ማንኛውም የቅርንጫፍ ሠራተኛ በአንድ ጠዋት ሊነግራቸው ይችል ነበር። የጠየቀን ግን የለም። ሥራውን ያየነው በሥልጠናው ቀን ነው፤ መልሱም «አሁን አይለወጥም» ሆነ።

ባለሙያዎቹ ይህን አሠራር «ፏፏቴ» ይሉታል። ፍላጎት፣ ንድፍ፣ ሥራ፣ ፍተሻ እየተባለ አንዱ በሌላው ላይ ይወርዳል፤ ወደ ላይ የሚመለስ ውኃ የለም። የሚገርመው፣ የአሠራሩ አባት ተደርጎ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ዊንስተን ሮይስ እ.አ.አ. በ1970 ባቀረበው ጽሑፍ ሥዕሉን ከሣለ በኋላ፣ ፍተሻን እስከ መጨረሻ ማቆየት አደገኛ መሆኑን አስጠንቅቆ ነበር። እንዲያውም ሥራው አዲስ ከሆነ ሁለት ጊዜ ይሠራ ብሏል። ብዙዎች ሥዕሉን ወስደው ማስጠንቀቂያውን ተዉት።

ለመሆኑ የጎጃም ሰው ይህን ከባሕር ማዶ መማር ነበረበት? የቅኔ ተማሪ ዕጣነ ሞገር ልቁጠር ብሎ አይነሣም። በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፤ ነገም እንዲሁ። እ.አ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ በዩታ ተራሮች 17 ባለሙያዎች ተሰብስበው የ«አጃይል»ን መግለጫ ሲያወጡ፣ ጥቂት በጥቂት ሠርቶ ለተጠቃሚው ማሳየትንና መታረምን ነው ያወጁት። ነገራ ማለት ይህ አይደለምን?

ይሁንና «እኛ አጃይል ነን» የሚሉትንም ሁሉ አላምናቸውም። ብዙዎቹ ጠዋት ጠዋት ቆሞ መሰብሰቡን እንጂ መታረሙን አልወሰዱም፤ ዕቅድ አለመጻፍንም ነፃነት አደረጉት። ቅኔ ቤት ግን ሕግ አለው፤ ቤቱ የጎደለ ቅኔ አያልፍም። ነገራን ዘልሎ ወደ ዘረፋ የሚሮጥ (ሰሙንም ወርቁንም አንባቢ ይውሰደው) መቼም አይጠፋም። በባንክ ሥራ የአንድ ሌሊት ስሕተት ዋጋው ስንት እንደሆነ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ታይቷል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ እንደ ወጣበት ራሱ ገልጿል።

የዘገየውን ሥራ በሰው ብዛት እናድነው የሚሉም አሉ። ደቦ ጤፍ ያጭዳል፤ ማሳው ይከፋፈላልና። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ግን ለስምንት ሰው ታድሎ አይቆጠርም። ፍሬድ ብሩክስ እ.አ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አዲሱን ሰው ማስተማሩና እርስ በርስ መነጋገሩ ጊዜ ይበላል።

በርበሬ እንኳ መጀመሪያ በመደብ ፈልቶ ነው ወደ ማሳ የሚዛወረው። እንግዲህ የሚቀጥለው ሥርዓት በአንድ ሌሊት በመላ አገሪቱ ከሚዘረጋ፣ ቡሬ ላይ በአንዲት ቅርንጫፍ፣ በገበያ ቀን፣ ወረፋው በር ሞልቶ ሳለ ይሞከር። ሠሪውም መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥ፤ ጌትነትን እሱ ያነጋግረው።